የአማት አገጭ

አንድ ሰው ነበረ፤ አፉ ቀድሞት የተወለደ፣ እጁ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ያለ።

አትሳቂ፣ ስመኝ! ምሳሽን ብዪ፣ እየበላሽ ስሚ። ገና ከበር ስትገቢ ጫማሽን እየወረወርሽ ምን አልሽኝ? «አክስቴ፣ የጽሑፍ ፈተናውን አንድም ሳልስት የሠራሁ ነርስ፣ እግር የሌለው የጎማ አሻንጉሊት ፊት ተንበርክኬ አገጩን አርባ ጊዜ ቀና የማደርገው ለምንድነው? አሰልጣኟ ድገሚ፣ ድገሚ ትለኛለች፤ ከሰዓት አልመለስም» አላልሽኝም? ብለሻል። መልሱን በአጭሩ ብነግርሽ በዚህ ጆሮሽ ገብቶ በዚያ ይወጣል፤ አውቅሻለሁ፣ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰውየውን ልንገርሽ።

ሰውየው ጤና መኮንን ነበር፤ በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ። አገሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለው ነበር፤ እሱም አንድ ቀን «አይደለሁም» ብሎ አያውቅም። ግን ራስ ያለው ሰው ነው። አንዴ ያነበበውን አይረሳም። እንዲህ ያለ በሽተኛ ቢመጣ ምን ይደረጋል ብለሽ ከጠየቅሽው እንደ ዳዊት ያወርደዋል፤ ትንፋሽም አይወስድ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ያዢልኝ። ሰካራምም፣ ሰነፍም፣ የድሃ ገፊም አልነበረም። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው! ሰካራም ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ሳልጀምር ጨርሼው ነበር።

አንድ ጊዜ ከትልቅ ከተማ አንዲት አሰልጣኝ መጣች። ቁመቷ ይቺን ታህል፣ ድምፅዋ ግን ገበያ ይበትናል። በሻንጣ ያመጣችው አሻንጉሊት ያው አንቺ እንደምትለማመጂበት ነው፤ ራስ አለው፣ ደረት አለው፣ ከወገቡ በታች የለም። ሰው ራሱን ሲስት ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን እንደሚደፍነው፣ እሱን እንዴት እንደሚከፍቱት፣ አራት ቀን ልታስተምር ነው የመጣችው። የአሻንጉሊቱን አገጭ በደንብ ይዘሽ ከነፋሽበት ደረቱ ከፍ ይላል። ካልያዝሽው እንደ ድንጋይ ዝም ነው። አያዳላም። ዶክተር ነው ብሎ አይነሳም፣ ጽዳት ናት ብሎ አይተኛም።

የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ ምንጣፍ ላይ ተንበረከከ። ሰውየው ግን ወንበር ስቦ፣ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ሱሪው ተተኩሷል፤ መስመሩ ዶሮ ያርዳል። ተራው ደረሰ።

«ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት። ይንበርከኩ» አለችው አሰልጣኟ።

«እኔ እንኳ ይኼን አውቀዋለሁ። ጠይቂኝ።»

«አልጠይቅዎትም። ያሳዩኝ።»

እሱ ግን ጀመረው። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ማዘንበል፣ አገጩን ማንሳት፣ በዚያ አልከፈት ካለ መንገጭላውን በሁለት እጅ ወደ ፊት መሳብ... ሁሉንም። አንድ ቃል ቢስት ምላሴን እቆርጣለሁ።

አሰልጣኟ እስኪጨርስ ጠበቀችና፣ «ጌታዬ፣ አሻንጉሊቱ ጆሮ የለውም» አለችው።

ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ፣ እንዲያው ለጨዋነት። ግን አልተንበረከከም። በበታቾቹ ፊት፣ መቀመጫውን ሰቅሎ፣ ከጎማ ጋር ሲታገል ሊታይ? ምን ቆርጦት! አሰልጣኟ ሁለት ጊዜ ነገረችው፣ በሦስተኛው ተወችው። መተው አልነበረባትም፤ እሷም ብትሆን ከኔ አታመልጥም። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ወጣ። ሰርተፊኬቱን በመስታወት አስደርጎ ከራሱ በላይ ሰቀለው።

እዚያው ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ነበረች። ዕድሜዋ የገፋ፣ ሰውነቷ ከበድ ያለ፣ መጽሐፍ ስትገልጥ የሚያዛጋት። የጽሑፍ ፈተናውን አንዴ ወደቀች፣ ሁለቴ ወደቀች፣ በሦስተኛው አጥሩን ዘላ እንደገባች በግ አለፈች። አሻንጉሊቱን ግን አትለቀውም። አሰልጣኟ «በየሳምንቱ ተለማመዱበት» ብላ ትታላቸው ሄዳ ነበር፤ ሰውየው ግን «ንብረት ነው፣ ይቆሽሻል» ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ነርሷ በየሳምንቱ ዓርብ ቁልፉን ተቀብላ፣ አሻንጉሊቱን አውጥታ፣ ምንጣፍ ላይ ታስተኛዋለች። አገጩን ትይዛለች፣ ትነፋለች፣ ደረቱን ታያለች። ደግሞ እንደገና። የመሥሪያ ቤቱ ሰው በመስኮት እያለፈ ያሾፍባታል።

«እትዬ፣ ዛሬስ ባልሽ ነቃልሽ?»

«የናንተዎቹ ነቅተው ምን ሠሩ?» ትላለች፤ ሥራዋን ሳታቋርጥ። ሆሆ! እወዳታለሁ ይቺን ሴት።

አሁን ወደ ሰውየው አማት ልውሰድሽ።

ሰውየው የአንድ ባለጸጋ ልጅ አግብቶ ነበር። ባለጸጋው ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ሲያስነጥስ ሰፈሩ የሚደነግጥ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ የታረቀም ቢሆን የሚፈራው ሰው ነው። አማት! አማት ምን እንደሆነ ገና አላየሽውም፣ ስታገቢ ታይዋለሽ። ሰውየው አማቱ ሲገባ ብድግ ይላል፤ አማቱ ሳይቀመጥ አይቀመጥም፤ ሲጨብጠው በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነው። እንኳን ጢሙን፣ የባርኔጣውን ጠርዝ ነክቶ አያውቅም።

ባለጸጋው ስኳር ነበረበት፤ መርፌውን በየማለዳው ይወጋል። ፍልሰታ ገባ። የነፍስ አባቱ ቤቱ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ አንተ በሽተኛ ነህ፣ ብላ፤ ፈትቼሃለሁ» አሉት። እንቢ አለ። «ሕፃን የሚጾመውን ጾም እኔ ልሻር? ሞቼ እገኛለሁ!» አለ። መርፌውን ተውና ጹም ያለው የለም፤ እሱም አልጠየቀም። ማለዳ ተነሳና እንደ ልማዱ መርፌውን ወጋ። እህል ሳይቀምስ ሄዶ ቅዳሴ ቆመ። አስቢው እስቲ! ያ መርፌ እኮ እህሉን አምኖ የሚገባ ነው። እህል የሌለበት ሆድ ውስጥ ገብቶ ምን ይብላ? ባለጸጋውን በላው። ቅዳሴው አልቆ ከደጀ ሰላሙ ሲወጣ ላብ አጠመቀው፣ ቃሉ ተሳሰረ፣ ተዝለፈለፈ።

በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሱት። ከኋላው ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ ቅዳሴ የነበረው ሕዝብ ሁሉ። አልጋ ላይ አጋደሙት። እንግዲህ ታላቅ ሰው ነው፤ ራሱ ዝቅ ሊል ነው? አንድ ትራስ አደረጉለት። አነሰ። ሌላ ጨመሩ። ሚስቱ ነጠላዋን አጣጥፋ ከታች ሸጎጠች፤ ወንድሙም እኔስ ምን ላደርግለት ብሎ ጋቢውን ጠቅልሎ አከለበት። አገጩ ደረቱን ነካ፣ ጢሙ ለሁለት ታጠፈ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫው ያመጣል። ሌላዋ ፊቱ ላይ ውኃ ትረጫለች። ሁሉም ከፍቅር ነው፤ አንዱም ከክፋት አይደለም። በፍቅር ነው ያነቁት!

ከዚያ ባለጸጋው ማንኮራፋት ጀመረ። ክፍሉን ያ ሁሉ ጭንቀት ለቀቀው።

«እሰይ! እንቅልፍ ወሰዳቸው።»

«ደክሟቸው ነው እኮ፤ ቆመው ያስቀደሱ ሰው።»

«አትንኳቸው፣ ይረፉ።»

ኧረ እናንተ ሰዎች! ራሱን የሳተ ሰው ሲያንኮራፋ እንቅልፍ አይደለም። ምላሱ ጉሮሮው ላይ ወድቆ እስትንፋሱ በቀጭን ቀዳዳ ሲታገል ነው። ሰው እየታፈነ «እሰይ» ይባላል? አንጀቴን ነው የሚያሳርሩኝ!

ሰውየው እየሮጠ ገባ። አማቱን እንዳየ አወቀ። ይህን ልመሰክርለት፣ በሐሰት አልከስም። «ስኳሩ ወርዶባቸው ነው፤ ግሉኮስ አምጡ!» አለ። እውነቱን ነው። ግን ግሉኮሱ ያለው መድኃኒት ክፍል ነው፣ የመድኃኒት ክፍሉ ቁልፍ ባለሙያው ኪስ ውስጥ ነው፣ ባለሙያው ደግሞ ከቅዳሴ ገና አልተመለሰም። አንዱ ቁልፉን ሊያመጣ ሮጠ። ሰውየውም ከራስጌ ቆሞ ጠበቀ። ምን ይጠበቃል? እስትንፋስ የሌለው ሰው ደሙ ውስጥ የስኳር ፋብሪካ ቢያስገቡበት ምን ይጠቅመዋል?

ማንኮራፋቱ ራቅ ራቅ አለ። ቆመ።

«ተመስገን፣ ማንኮራፋቱም ተዋቸው» አለች የባለጸጋው እህት፤ አማተበች።

አልተወውም። ሆዱ ይነሳል ይወርዳል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ከአፉ ግን አንዲት ትንፋሽ አይወጣም፣ አይገባም። ከንፈሩ እየጠቆረ ሄደ።

ሰውየው አየ። ሁሉም ነገር እንደ ተጻፈው ነው፤ ገጹ ዓይኑ ላይ መጥቶለታል። «የአየር መንገዱ... የአየር መንገዱ ይከፈት» አለ። ለማን ነው የሚናገረው? ለግድግዳው? ክፍሉ ውስጥ ከሱ ሌላ ሐኪም የለም! እጁን ዘረጋ። እጁ እስከ ጢሙ ደረሰ። እዚያ ቆመ።

የአማት ጢም ነዋ። ሚስቱ ታያለች። የሚስቱ እናት ታያለች። የሚስቱ ወንድሞች በር ላይ ቆመው ያያሉ። ያንን ሁሉ ትራስ ከዚያ ሁሉ ክብር ሥር ስቦ፣ የዚያን ሰው ራስ ዝቅ አድርጎ፣ ጢሙን ጨብጦ ወደ ላይ ሊስብ ነው። ደግሞም ያ እጅ በዕድሜው የማንንም አገጭ ለዚህ ሥራ ይዞ አያውቅም። የማንንም! የጎማውን እንኳ። የመጀመሪያው አገጭ የአማት አገጭ ሆነበት። እጁ ቀስ ብሎ ተመልሶ ነጭ ጋውኑ ኪስ ውስጥ ገባ።

እኔ እዚያ ብኖር በጫማዬ ነበር የምለው! ግን አልነበርኩም።

ነርሷ ገባች። የልብስ ማጠቢያው ጋ ነበረች፤ እጇ ገና እርጥብ ነው። የባለጸጋውን ከንፈር አየች፣ ደረቱን አየች። ጋቢውን ስባ ጣለችው። ነጠላውን ሳበች። ትራሶቹን እንደ ሌባ ዕቃ ወደ በሩ ወረወረቻቸው፤ አንደኛው የባለጸጋውን እህት መታት። የባለጸጋው ራስ ፍራሹ ላይ ዱብ አለ።

ጩኸቱ ቀለጠ። «አዋረደቻቸው!» «ማናት ይቺ!» ከባለጸጋው ልጆች አንዱ ዘሎ ክንዷን ያዘ።

«ወይ እርዳኝ፣ ወይ ውጣ» አለችው፤ ፊቱን እንኳ ሳታይ። ለቀቃት።

ጫማዋን አውልቃ፣ ያንን ከባድ ሰውነቷን ይዛ አልጋው ላይ ወጣችና ከራስጌው ተንበረከከች። በግንባሩ ይዛ ራሱን ወደ ኋላ አዘነበለች፣ አገጩን ከነጢሙ ጨብጣ አነሳች። ደረቱን አየች። ምንም። ጆሮዋን አፉ ላይ አደረገች። ምንም። ያኔ ጣቶቿን ከሁለቱ ጆሮዎቹ በታች፣ መንገጭላው ከሚታጠፍበት ሥር አስገባችና ወደ ፊት ሳበችው።

አየር ገባ። ከጉድጓድ ውኃ ሲቀዳ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰማ፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማው። ጩኸቱ አንድ ጊዜ ቀጥ አለ።

«ዶክተር፣ መንፊያውን!» አለች።

ሰውየው ከእንቅልፉ እንደነቃ ብንን ብሎ፣ በእጅ የሚጨመቀውን የጎማ መንፊያ ከግድግዳው አወረደና አመጣ። እሷ በሁለት እጇ ጭንብሉን አፍና አፍንጫው ላይ ገጥማ፣ መንገጭላውን እንደሳበች፣ «እርስዎ ይጭመቁ» አለችው። ጨመቀ። የአማቱ ደረት ከፍ አለ። በድንጋጤ እንደገና ጨመቀ፣ እንደገና።

«ቀስ! የልደት ፊኛ አይደለም» አለችው።

ቁልፉ መጣ፣ መድኃኒት ክፍሉ ተከፈተ፣ ግሉኮሱ በደም ሥሩ ገባ። ጥቂት ቆይቶ የባለጸጋው ከንፈር ቀላ። ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ የተናገረው ምን ይመስልሻል? ፈጣሪውን አመሰገነ? ሚስቱን ጠራ?

«ማነው ጢሜን የያዘው?» አለ።

ሁሉም ወደ ነርሷ ዞረ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች ነርሷ። አሁንም አልለቀቀችም ነበር።

በነጋታው ባለጸጋው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አጥሚቱን እየጠጣ (በል በል ተብሎ አይደለም፣ የነፍስ አባቱ ከፊቱ ቆመው ነው) የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሩት። የሰማውን ሰማና ልጁን ያገባውን ሰውየውን አስጠራው። ሰውየው ገባ፣ ጎንበስ ብሎ ቆመ።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ አንተ የት ነበርክ?»

«አጠገብዎ ነበርኩ፣ አባባ።»

ባለጸጋው አጥሚቱን አስቀመጠ። ጢሙን አበጠረ።

«አጠገቤማ» አለ፣ «ትራሱም ነበረ።»

ከዚያ ወዲያ ምን ሆነ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው።

አሁን አንቺ ላይ ልምጣ። ምን አልሽ? «እኔ እንደሱ አይደለሁም፣ እኔ አላፍርም»? እንዴት ነሽ አንቺ! እሺ። ሳህኑን አንሺና ያን ዱካ ወዲያ ግፊው። ይኸው፣ ምንጣፉ ላይ ተጋደምኩልሽ። ውይ ወገቤን! እኔ አሁን ራሴን ስቻለሁ። እያንኮራፋሁ ነው፤ ክርርር! ስሚ፣ ደግሞ ተውኩት። በይ ፈጠን በይ፣ አክስትሽ እየሞተች ነው። አገጬን ያዢ።

ምነው? እጅሽ ምን ነካው?

አየሽ! እዚህ ላይ፣ ጉንጬ ጋ ደርሶ ቆመ። እኔ ነኝ እኮ፤ ከነንፍጥሽ ያዘልኩሽ እኔ። ማንም አያይሽም፤ ሳቄም እየመጣ ነው። እንዲያም ሆኖ እጅሽ «የአክስቴን ፊት እንዴት ልጨብጥ» ብሎ አፈረ። አንቺ አላፈርሽም፤ አንቺማ ሁሉንም ታውቂዋለሽ። እጅሽ ነው ያፈረው። እጅ ደግሞ በንግግር አይገሠጽም፣ ፈተና አይፈተን።

እንግዲህ ሰውየው አንቺ ነሽ፣ ተቆጪም አትቆጪም። ያ ባለጸጋ ደግሞ አንድ ቀን በቃሬዛ የሚያመጡልሽ ሰው ነው፤ ማን እንደሚሆን እኔም አንቺም አናውቅም። ቄሱ ይሆናሉ፣ ያስተማረሽ መምህር ይሆናል፣ የምታገቢው ሰው አባት ይሆናል፤ ብቻ ጢም ያለው፣ ዘመድ የከበበው፣ ለመንካት የሚከብድ ሰው ነው። አንድም ያልሳትሽበት ፈተናሽም ያው ትራስ ነው። በፍቅር የተደረገልሽ፣ የሚመች፣ ራስሽን ከፍ ያደረገልሽ። እኔም ራሴ ሰፈሩን ሁሉ እየዞርኩ «የእህቴ ልጅ አንደኛ!» እያልኩ አንዱን ትራስ ከሥርሽ ሸጉጬልሻለሁ፤ ጥፋቴ ነው። ከመጠን ሲበዛ አንገት ያጥፋል።

ያ እግር የሌለው ጎማ ግን ማንም አይደለም። የማንም አባት አይደለም፣ አማት የለውም፣ ዘመድ አይጮህለትም። እጅሽ እፍረቱን የሚጥልበት ቦታ ከሱ ሌላ በዓለም ላይ የለም። አሰልጣኟ ድገሚ የምትልሽ አታውቂም ብላ አይደለም። የመጀመሪያው አገጭ ነፍስ ያለው ሰው አገጭ እንዳይሆንብሽ ነው።

በይ ጫማሽን አድርጊ፤ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ተንበርከኪ፣ አርባ ካልበቃ አርባ አንድ አድርጊው፤ የሚስቅ ካለ የኔን ቤት አሳዪው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመለሺ እኔ እዚሁ ምንጣፍ ላይ ተጋድሜ እቆይሻለሁ። ያኔ «ጤና ይስጥልኝ» እንኳ ሳትዪ፣ መጀመሪያ አገጬን ነው የምትይዢው።